ሦስቴ የተጠራው ሜዳ

ቀጨሞ ከተማ በአውቶቡስ የሚገባ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የሚስቡት በቅርቡ የተሠሩት ፎቆች ናቸው፤ የከተማዋ እምብርት ላይ ሲደርስ ግን መንገዱ ሳይታሰብ ለሁለት ይከፈልና አንድ ሰፊ ረባዳ ሜዳ በግራና በቀኝ ይዞራል። በሜዳው ላይ ቤት የለም፣ ሱቅም የለም። በድንጋይ የተካበ አሮጌ ቦይ መሐሉን ሰንጥቆ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ከቦዩ ወዲህና ወዲያ የሸክላ ጭቃ የሚወጣባቸው ጉድጓዶች አሉ፣ ክረምት ውሃ ያቁራሉ፣ በጋ ደግሞ ሴቶች ጭቃ ሲረግጡባቸው ይውላሉ። ቦታው ትርንጎ ሜዳ ይባላል። ለሆቴል የጠየቀ ባለሀብት ነበር፣ ለመናኸሪያ ያጨውም ነበር፤ ማዘጋጃ ቤቱ ለሁሉም ሻይ ጋብዞ፣ አክብሮ፣ ሌላ ቦታ አሳይቶ ሸኝቷቸዋል።

ቀጨሞ ሌላም አመል አለባት። አዲስ ሰፈር ሊቀየስ ወይም የከተማዋ ፕላን ሊከለስ ሲል መሐንዲሱ ካርታውን ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ይተውና ጫማውን አውልቆ፣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ወደ መሬቱ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል። እዚያ ቆሞ «ባለቤት ያለህ ውጣ!» እያለ ሦስት ጊዜ ይጣራል፤ በአካባቢው የሚኖር ሰው ወጥቶ «አለሁ» እስኪለው ድረስ አንዲት ችካል አትመታም። ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ መሐንዲስ ሁሉ ይህን መጀመሪያ ሲሰማ ይስቃል፣ መሳቁም አይፈረድበትም። ታሪኩን ሲነግሩት ግን ሳቁ ቀስ ብሎ ይጠፋል፤ ምክንያቱም የቀጨሞ ሰው ይህን ታሪክ የሚያወራው ለኩራት አይደለም። ሽማግሌዎቹ ሲተርኩት እንኳ የሚያዩት መሬት መሬቱን ነው።

እንደሚነገረው፣ ቀጨሞ ድሮ ከተማ አልነበረችም። ዛሬ የውሃ ታንከሩ ከቆመበት ጉብታ ላይ የፊታውራሪ ይርዳው ሠራዊት ድንኳን ተክሎ ይኖር ነበር። ድንኳኑ ጎጆ ሆነ፣ ጎጆው ሰፈር ሆነ፣ ሰፈሩ ገበያ ሳበና ጉብታዋ ጠበበች። የአንዱ ጭስ የሌላውን ቤት ያጥን፣ የአንዱ በቅሎ የሌላውን አጥር ትበላ ነበር ይባላል፤ በዚህ የተነሳ በየቀኑ ሁለት ሦስት ጠብ ሳይታረቅ አይመሽም። ፊታውራሪ ይርዳው ሲያስቡ አርቀው የሚያስቡ ሰው ነበሩና አንድ ቀን አለቆቻቸውን ሰብስበው ከተማው ወደ ታች ይውረድ፣ ሲወርድም እንዳገኘ ሳይሆን ተለክቶና ተቀይሶ ይውረድ አሉ። ለእኛ መብቃቱ ብቻ አይበቃም፣ የልጅ ልጆቻችን ተጋብተው ቤት ሲሠሩም ይብቃቸው አሉ። ገበያው የት እንደሚውል፣ የከተማው ጎተራ የት እንደሚቆም፣ ለግጦሽ የቱ እንደሚተው፣ ገና ላልተወለደ ሰው የቱ እንደሚቆይ የሚቀይሰው ሥራ ለአንድ ሰው ተሰጠ። ሰውየው አጎናፍር ይባላል።

አጎናፍር ቀላድ ጣይ ነበር፤ መሬት በገመድ ይለካል፣ የለካውንም በመዝገብ ያሰፍራል። ጽሕፈቱ ያማረ፣ ንግግሩ የታረመ፣ ዕድሜው ሠላሳ አራት የሆነ፣ ከፊታውራሪው ገበታ የማይቀር ሰው ነበር። ሚስቱ ዘነበወርቅ የአገሩ ባላባት ልጅ ነበረች፤ አንዲት ትንሽ ሴት ልጅም ወልደው ነበር። አገርህ ወዴት ነው ብለው ሲጠይቁት «ከዓባይ ማዶ ነኝ» ይል ነበር። ዓባይ ማዶ ሰፊ ነውና ከዚያ አልፎ የጠየቀው አልነበረም።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። አጎናፍር የተወለደው እዚያው ቀጨሞ፣ ከጉብታው ሥር በነበረው ረባዳ ውስጥ፣ በሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ነው። በዚያ ዘመን ሰዉ በእንስራቸው ውሃ ይቀዳል፣ በድስታቸው ወጥ ይሠራል፣ እነሱን ግን ደጁን አያስረግጥም ነበር። ዓይናቸው ሰው ይበላል እያለ ልጁን ከእነሱ ፊት ይሸሽግ ነበር። ከእነሱ መጋባትማ የሚታሰብ አልነበረም። እናቱ ትርንጎ ባሏ ሲሞትባት ልጇን በሰባት ዓመቱ ይዛ፣ ሁለት ቀን ተጉዛ፣ ለአንድ የቅኔ መምህር ሰጠችው። ስትሰጠውም ልጄ ነው አላለችም፤ ወላጆቹ የሞቱበት ነው፣ መንገድ ላይ አገኘሁት ብላ ነው የሰጠችው ይባላል። ልጁ ይህን ሲሰማ አጠገቧ ቆሞ ነበር። ያኔ ለምን እንዲህ እንዳለች አልገባውም፤ በኋላ ሲገባው ደግሞ እሱም ያንኑ ማለት ቀጠለ።

ከስንት ዓመት በኋላ ፊታውራሪ ይርዳው የእጁን ጽሕፈት ወድደው በአገልጋይነት ሲወስዱት ወዴት እንደሚወስዱት አልነገሩትም። ቀጨሞ ሲደርስ ጉብታው ላይ ቆሞ ቁልቁል አየና የረባዳውን ጭስ ለየው። ሐሙስ ገበያ ሲወጣ እናቱ ሸክላዋን ደርድራ ተቀምጣ ነበር። ዓይን ለዓይን ተገናኙ። ትርንጎ ወዲያው ዓይኗን ሰበረችና ፊቷ የነበረውን እንስራ ገልብጣ የተሰነጠቀ እንደምትፈልግ ሁሉ ታንኳኳው ጀመር። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ ቀና ብላ አላየችውም። አጎናፍር እፎይ አለ፤ እፎይ ማለቱ ደግሞ እሳት ሆኖ ፊቱን ለበለበው። በየሐሙሱ በሌላ መንገድ መዞር ለመደ።

አንድ ጊዜ ዘነበወርቅ ከገበያ አዲስ ድስት ገዝታ ስትገባ በእጇ የጨቅላ ጡጫ የምታክል ድስት ይዛ ነበር። ሻጯ ሴትዮ ምራቂ ብላ ሰጥታኝ ነው፣ ልጅ አለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ አለኝ ስላት ለመጫወቻ ይሁናት አለችኝ፣ ደግ ሴት ናት ብላ አወራችው። አጎናፍር ትንሿን ድስት ተቀብሎ እላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀላትና ሸክላ ቢሰበር ልጅ ይቆርጣል አለ። ያን ቀን ምሳ አልበላም። ሚስቱ አመመህ ወይ ብትለው እንኳ አዎ ለማለት አፈረ።

እንግዲህ የአለካኩ ደንብ እንዲህ ነበር። የታረሰ መሬት የአራሹ ነው፣ የታጠረ የአጣሪው ነው። ያልታረሰና ያልታጠረ ቦታ ሲገጥመው ቀላድ ጣዩ መሐሉ ገብቶ፣ ገመዱን መሬት አስቀምጦ፣ «ባለቤት ያለህ ውጣ!» ብሎ ሦስት ጊዜ ይጣራል። የሚመልስ ከጠፋ መሬቱ «ጠፍ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ጠፍ የሆነ መሬት የገዢው ነው፣ እንዳሻው ያደርገዋል። ሸክላ ሠሪ አያርስም፣ ጉድጓዱንም አያጥርም። ስለዚህ የእነዚያ ሰዎች መኖሪያ በሙሉ የተንጠለጠለው በዚያች ጥሪ ላይ ነበር።

አጎናፍር አርባ ቀን ለካ። ረባዳውን ወደ መጨረሻ፣ ከመጨረሻም ወደ መጨረሻ አቆየው። ገመድ ጎታቾቹ የታችኛውን መቼ ነው የምንይዘው ሲሉት ዛሬ ፀሐዩ ከሯል፣ ነገ ነፋሱ በርትቷል ይል ነበር። ወርዶ መሐላቸው ቢቆም አንዲት አሮጊት «የትርንጎ ልጅ» ብላ እንዳትጠራው ነበር ፍርሃቱ፤ አንዲት አሮጊት ብቻ ትበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ የፊታውራሪው ገበታ፣ የባላባቱ አማችነት፣ ያ ሁሉ የታረመ ንግግር ምን ይሆናል?

በመጨረሻ ሐሙስን መረጠ፤ ሐሙስ ሸክላ ሠሪዎቹ ሁሉ ገበያ ናቸው። ጎታቾቹን ወዲያ ማዶ ያለውን ተዳፋት እንዲጀምሩ ላካቸውና ብቻውን ከረባዳው ዳር፣ ከአንድ ግራር ሥር ቆመ። ወደ መሐሉ አልወረደም። ነፋሱ ከታች ወደ እሱ እየነፈሰ ቃሉን መልሶ አፉ ውስጥ ይከተው ነበር። አንድ ጊዜ ጠራ። ዝም። ሁለተኛ ጠራ። ሸክላ ከሚተኮስበት ጉድጓድ ቀጭን ጭስ ሲወጣ አየ፤ ትተውት የሄዱት እሳት ነው ሲል ራሱን አሳመነ። ሦስተኛውን የጠራው ከፊተኞቹ ሁለቱ ባነሰ ድምፅ ነው ይባላል። ከዚያ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ «ጠፍ» ብሎ ጻፈ። ሁለት ፊደል ናት፤ ከአርባ ቀኑ ሥራ ሁሉ ያደከመችው እሷ ነበረች።

ቅየሳው ተጠናቆ ሲቀርብ ፊታውራሪው ደስ አላቸው። በተወለወለ የበሬ ቆዳ ላይ ተስሎ በእልፍኛቸው ተሰቀለ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር በዘንግ እየጠቆሙ ይህ ገበያ፣ ይህ ጎተራ፣ ይህ ገና ያልተወለደው ሰው ሰፈር ይሉ ነበር። ረባዳው ሜዳማና ለመንገድ የሚመች ስለነበር ጎተራውና አርባ ያህል ቤት እዚያ እንዲሠራ ተወሰነ። አሥራ ስምንት አባወራ ሸክላ ሠሪ ቤቱ በመዝገብ እንደሌለ ያወቀው ወታደሮች ሲመጡ ነው። ባለቤቶቹ እኛ ነን አሉ፤ ተጠርታችሁ አልመለሳችሁም ተባሉ። ማን ጠራን ቢሉ መዝገቡን አሳዩአቸው፤ ከእነሱ ደግሞ ማንበብ የሚችል አልነበረም።

ሸክላ ሠሪዎቹ ሲነሡ አጎናፍር አሞኛል ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። ዘነበወርቅ አጥሚት አፍልታ ብትሰጠው አልጠጣውም። ወንዝ ማዶ ወዳለው ድንጋያማ ተዳፋት የሚወስደው መንገድ በጓሮው ነበርና አህዮቹ ሲያልፉ፣ እንስራ ከእንስራ ሲጋጭ ይሰማዋል። አንድም ሰው ጮሆ አላለቀሰም። ቢጮኹ ይሻለው ነበር። ከመሐላቸው የእናቱን ኮቴ ለመለየት ጆሮውን ተከለ፣ ወዲያው ደግሞ ጋቢውን ጆሮው ላይ አጠበቀ።

ቤት የሚሠሩት ሰዎች የሸክላ ጉድጓዶቹን በአፈርና በድንጋይ ደፈኑ። ሸክላ ሠሪዎቹ ከአባቶቻቸው ጀምሮ በየዓመቱ ሲጠርጉት የኖሩትን ቦይ አፍርሰው ድንጋዩን ለጎተራው መሠረት አደረጉት። የተካበ ድንጋይ በነጻ ተገኘ ብለው ተደሰቱ እንጂ ለምን እንደተካበ የጠየቀ አልነበረም። የመጀመሪያው ክረምት ቀላል ስለነበር አለፈ። በሁለተኛው ክረምት መሬቱ ያብጥ ጀመር። መዝጊያ ሁሉ አልዘጋ አለ፣ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፤ ጠዋት ሲነሡ አልጋ ሥር ውሃ ይጠብቃቸዋል። ነሐሴ ላይ ጎተራው ወደ አንድ ጎን ተቀመጠና የከተማው የዓመት ቀለብ ከሥር በገባው ውሃ ተነከረ። እህሉ በቅሎ፣ ሸትቶ፣ ለከብት እንኳ የማይሆን ሆነ።

ሕዝቡ የሚወቅሰው አጣ ማለት አይቻልም፤ ወዲያው አገኘ። ዓይናቸውን ጥለውብን ነው የሄዱት፣ ሸክላ ሠሪ ተነሥቶ በሰላም የሚኖር ማን አለ ተባለ። ፊታውራሪው ነገሩን በሸንጎ ሊያዩት አሥራ ስምንቱ አባወራ ከነቤተሰቡ ከወንዝ ማዶ ተጠርቶ ከትልቁ ሾላ ሥር እንዲቆም አዘዙ። ከተማው ነቅሎ ወጣ። የተራበ ሰው ነውና የሚያየው ዓይን ሁሉ ቀልቷል። ጥፋተኛ ከተባሉ ከአገሩ ጭራሹን ሊባረሩ ነው፤ ክረምት ነው፣ ወንዙ ሞልቷል፣ የሚቀበላቸውም አገር የለም። አጎናፍር መዝገቡን ይዞ ከፊታውራሪው ቀኝ ቆሟል።

ከሸክላ ሠሪዎቹ አንድ ሽማግሌ ወጥተው፣ እኛ ምንም አላደረግንም፣ ያ መሬት ከጥንትም ውሃ ያዘለ ነው፣ ውሃው በጉድጓዱና በቦዩ ሲወጣ ነበር የኖርንበት፣ ብትጠይቁን እንነግራችሁ ነበር አሉ። ከተማው አጉረመረመ። ፊታውራሪው ወደ ቀኛቸው ዞሩ።

«አጎናፍር፣ ጠርተሃቸዋል?»

«ጠርቻለሁ ጌታዬ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«የመለሰ ሰው ነበር?»

«አልነበረም።»

በቀጨሞ ከዚህ የከፋ ውሸት ተነግሮ አያውቅም ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ ከቃሎቹ ግን አንዱም ሐሰት አልነበረም። ፊታውራሪው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። እንግዲያስ ተጠርተው ዝም ያሉት መሬቱ እንደሚውጠን ስለሚያውቁ ነው፣ ሆን ብለው ነው የለቀቁልን አሉ። አጎናፍር ሊናገር አፉን ከፈተ። ከአማቹ ጎን ዘነበወርቅ ልጃቸውን አዝላ ቆማ በኩራት ስታየው አየ፣ አፉን መልሶ ገጠመው።

ያኔ ከሴቶቹ መሐል ትርንጎ ወጣች። ነጠላዋን በወገቧ አዙራ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፣ ጎረቤቶቿ ሁሉ ያን ቀን ገበያ እንደነበሩና መንደሩ ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ እንደሆነች ተናገረች። ሸክላዋን ስትተኩስ ነበር የዋለችው። ጥፋት ካለ የእኔ ብቻ ነው፣ እነዚህን አትንኳቸው አለች።

ፊታውራሪው «ጥሪውን ሰምተሻል?» አሏት።

«ሰምቻለሁ ጌታዬ።»

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

«ታዲያ ለምን አልመለስሽም?»

ትርንጎ ዝም አለች። ደግመው ጠየቋት፣ ዝም አለች። ሽማግሌው ኧረ ተናገሪ ቢሏትም አልተናገረችም። ፊታውራሪው ትዕግሥታቸው አለቀና ከሾላው ግንድ ታስራ አርባ ጅራፍ ትገረፍ፣ ከዚያ ትናገር እንደሆነ እናያለን አሉ። ሁለት ወታደሮች ክንዷን ያዙ። ዕድሜዋ ስልሳ ሊሞላ ትንሽ የቀራት ሴት ነበረች፤ አርባው ቀርቶ አሥሩን የምትችል አትመስልም ነበር። ስትሄድም አንድም ጊዜ ወደ ልጇ አላየችም። ያን ጊዜም ቢሆን እሱን ነበር የምትሸሽገው።

አጎናፍር መዝገቡን መሬት አስቀመጠ። ከሾላው ሥር ለጎተራው መሠረት ተቆልሎ የተረፈ የቦይ ድንጋይ ነበር፤ ከዚያ አንዱን ከባዱን አንሥቶ በማጅራቱ ላይ አደረገ። ይቅርታ የሚለምን ሰው እንዲህ ድንጋይ ተሸክሞ ከበደለው ሰው እግር ሥር ይወድቃልና ፊታውራሪው ወደ እሳቸው የሚመጣ መስሏቸው እግራቸውን አደላደሉ። እሱ ግን አልፏቸው ሄዶ በወታደሮቹ መሐል በቆመችው ሸክላ ሠሪ እግር ሥር ተንበረከከ።

«ምን ማድረግህ ነው? እኔ እዚህ ነኝ» አሉት ፊታውራሪው።

«ጌታዬ፣ እናቴ ናት» አለ አጎናፍር።

ከዚያ ቀና ሳይል ሁሉን ተናገረ። ከዓባይ ማዶ እንዳልሆነ፣ ሐሙስን ሆን ብሎ እንደመረጠ፣ ከመሐሉ ሳይገባ ከዳር ቆሞ እንደጠራ፣ ጭሱን እያየ ጠፍ ብሎ እንደጻፈ፣ ሲነሡም ጋቢውን ተከናንቦ እንደተኛ አንድም ሳይደብቅ ተናገረ። እናቴ ያልመለሰችው እኔ እንድትመልስልኝ ስላልፈለግሁ ነው አለ። ዘነበወርቅ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ትርንጎ ወታደሮቹ የለቀቁትን እጇን ወደ ድንጋዩ ሰድዳ «ይከብድሃል ልጄ፣ አውርደው» አለችው። እሱ ግን አላወረደውም።

ፊታውራሪ ይርዳውም ያን መሬት ያዩት ከጉብታው ላይ ሆነው በዘንግ እየጠቆሙ እንደነበር ሳያስታውሱ አልቀሩም፤ ቢያንስ ሽማግሌዎቹ እንደዚያ ማለት ይወዳሉ። በድስታቸው እየበላ ከደጁ ሲያባርራቸው የኖረው ከተማም እርስ በርሱ መተያየት አቅቶት እንደነበር ይነገራል። በመጨረሻ ፍርዱ ተሰጠ፤ ረባዳው ለሸክላ ሠሪዎቹ ይመለስ፣ የተሠራበት ቤት ሁሉ ፈርሶ ወደ ላይ ይውጣ፣ አጎናፍርም ገመዱን ያስረክብ ተባለ። የተሰቀለው ቆዳ ከእልፍኙ ወረደ። ያ ዓመት የረሃብ ዓመት ነበር፣ ከተማው በዱር ቅጠል ከረመ፣ ግን አንድም ሰው ከአገር አልተባረረም።

ዘነበወርቅን በተመለከተ የሚነገረው አንድ አይደለም። ልጇን አዝላ ወደ አባቷ ቤት ሄዳ በዚያው ቀረች የሚሉ አሉ፤ በጥቅምት ተመለሰች፣ ስትመለስም ትንሿን ድስት ከመደርደሪያው አውርዳ ለልጇ ሰጠቻት የሚሉም አሉ። አጎናፍር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጉብታው ላይ አልታየም። ዶማ ይዞ ወደ ረባዳው ወረደና የፈረሰውን ቦይ ድንጋይ በድንጋይ ይክብ ጀመር። ቀላድ የለመደ እጅ ዶማ ሲይዝ ያብጣልና መዳፉ ተልጦ ነበር ይባላል። የመንደሩ ሰዎች አልሰደቡትም፣ አላመሰገኑትምም፤ ውሃ ሲጠማው በቅል ያቀብሉታል። የሰደበው ሰው ቢኖር ትንሽ ይቀለው ነበር።

ከብዙ ቀን በኋላ፣ ቦዩ ወንዙ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ እናቱ ከጎኑ ጭቃ ስትረግጥ ሳለች ዶማውን አቁሞ ያን ቀን ስለጠራት ጥሪ ጠየቃት። ለፊታውራሪው ያልመለሰችውን ለእሱ መለሰችለት።

«መጀመሪያ ስትጠራ የአባትህ ድምፅ መሰለኝና ደነገጥሁ» አለችው። «ሁለተኛውን ስትጠራ አንተ መሆንህን ለየሁ። ሃያ ሰባት ዓመት ድምፅህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ፣ ልሮጥ ተነሥቼም ነበር።»

«ሦስተኛውስ?» አላት።

ትርንጎ ጭቃውን መርገጧን ትንሽ ገታ አደረገች። «ሦስተኛውን ስትጠራ ድምፅህ አነሰ» አለች። «እንዳልመልስልህ እየለመንከኝ እንደሆነ ገባኝ። ተመልሼ ተቀመጥሁ።»

አጎናፍር ዶማውን አንሥቶ ቀጠለ ይላሉ፤ ሌላ ምን ማድረግ ይችል ነበር። ቦዩን ጨርሶ በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ እየጠረገ፣ እስኪሞት በዚያው ኖረ። እናቱ ስትሞት ሜዳው በስሟ ተጠራ። በእሱ ስም የተጠራ ነገር በቀጨሞ የለም፤ ራሱ እንዳይጠራ ለምኖ ነው ይባላል።

ከእሱ በኋላ የተሾሙት ቀላድ ጣዮች ድንጋዩን ተሸክመው መሐል መግባትን ከእሱ ወረሱ፤ ቀላድ ቀርቶ የሜትር ገመድ መጣ፣ የሜትር ገመድ ቀርቶ ከሰማይ የሚለካ መሣሪያ መጣ፣ ልማዱ ግን አልቀረም። ከጥቂት ዓመት በፊት የከተማዋ መሪ ፕላን ለሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት ሲከለስ ዘጠኝ ባለሙያዎች በየረባዳው ወርደው ተራ በተራ ተጣርተዋል። በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ፕላን ያየ ሰው «ጠፍ» ወይም «ባዶ» የሚል ቃል የትም አያገኝበትም። ሰው ያልወጣበት መሬት ሁሉ «ገና ያልተጠየቀ» ተብሎ ነው የተጻፈው። መሐንዲሱ ሲጣራም ሽማግሌዎቹ ዳር ቆመው የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ጥሪ እንዲሁ ያዳምጣሉ፤ በሦስተኛው ላይ ድምፁ ያነሰ እንደሆነ ግን እንደገና ያስጀምሩታል።